በፈንታሁን ስም ያስገባሁት ቁጥር

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ነገር ከአፌ አላወጣሁትም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለልጆቼ አልነገርኳቸውም። የነፍስ አባቴ ፊት ተንበርክኬ እንኳ ዳር ዳሩን ብቻ ነካክቼ ነው የተነሳሁት። እናንተን አላውቃችሁም፤ ምናልባት ለእናንተ መናገሩ የቀለለኝ ለዚህ ይሆናል። ሊቀለኝ ግን አይገባም። ስለዚህ ሳላሳምረው፣ እንደሆነው እናገራለሁ።

አድማሱ እባላለሁ። የደባርቅ ልጅ ነኝ። ተምሬ፣ አገር ውስጥ ሠርቼ፣ በኋላ በአንድ የዓረብ አገር ባሕር ዳር ላይ በተተከለ የኃይል ማመንጫ ተቀጠርኩ። ጣቢያው የሚሠራው በተፈጥሮ ጋዝ ነው። ጋዙ ተርባይኑ ውስጥ ይቃጠላል፤ የተቃጠለው ትኩስ አየር ተርባይኑን ያሽከረክራል፤ ከዚያ መብራት ይገኛል። ሰው የተፈጥሮ ጋዝ ንጹሕ ነው ይላል። ከናፍጣና ከድንጋይ ከሰል ጋር ሲተያይ እውነት ነው። ጥቀርሻ የለውም፤ ጭሱም በዓይን አይታይም። ነገር ግን ነበልባሉ በጣም ሲግል አየሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከኦክስጅን ጋር ይዋሐድና ሳንባን የሚያስቆጣ መርዝ ይሆናል። ይህን የመቀነሻው ዘዴ ጋዙን ከመቃጠሉ በፊት ከብዙ አየር ጋር ማደባለቅ ነው፤ ነበልባሉ ይሳሳል፣ ግለቱ ይበርዳል፣ መርዙም ያንሳል። ችግሩ የሳሳ ነበልባል አይረጋም። ይርገበገባል፤ ሲብስበት ተርባይኑ በሙሉ ማጉረምረም ይጀምራል። ያን ጊዜ መሐል ላይ ያለውን ጠንካራ ነበልባል ከፍ ካደረጉት ማሽኑ ጸጥ ይላል። መርዙ ግን ይጨምራል።

ይህን ሚዛን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ከጭስ ማውጫው ለሚወጣው ነገር ሁሉ ኃላፊው እኔ ነበርኩ። ይህን ደጋግሜ የምናገረው በኋላ ማንም "አላወቀም ይሆናል" እንዳይለኝ ነው። አውቃለሁ። ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ፈንታሁን ወደዚያ የመጣው በእኔ በኩል ነው። የዳባት ልጅ ነው፤ ከእኔ በአሥራ ስድስት ዓመት ያንሳል። ጣቢያው የመለኪያ ቴክኒሻን ሲፈልግ ስሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ለዕረፍት አገር ቤት መጥቼ ልመለስ ስል አባቱ ከዳባት ደባርቅ ድረስ መጡ። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "እንግዲህ እዚያ አባቱም ወንድሙም አንተ ነህ። አደራ" አሉኝ።

"አይስጉ አባባ፣ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቀው" አልኳቸው።

እንዲህ ያለውን ቃል የሰጠሁ ሰው ነኝ እንግዲህ።

የፈንታሁን ሥራ በየሳምንቱ መለኪያውን መፈተሽ ነበር። መለኪያው በጭሱ ውስጥ ያለውን መርዝ በቁጥር ያሳያል። ትክክል መሆኑ የሚረጋገጠው፣ የመርዙ መጠን አስቀድሞ የታወቀ ጋዝ ከሲሊንደር ሲገባለትና ያንኑ መጠን ሲያነብ ነው። መጠኑ በሲሊንደሩ አንገት ላይ በተንጠለጠለች ወረቀት ላይ ተጽፏል። ፈንታሁን ወረቀቷን ያነብና ቁጥሩን በእስክሪብቶ መዳፉ ላይ ይጽፈው ነበር። "ደብተር የለህም?" ስለው፣ "ደብተር ይጠፋል ጋሼ፣ እጄ የት ይሄዳል?" ይለኝና ይስቃል።

ወደ መለኪያው የሚገባበትን የይለፍ ቃል የነገረኝ ራሱ ነው። አንድ ቀን ታሞ ተኝቶ ደወለና ሥራውን እንድሸፍንለት ሰጠኝ። ከዚያም አልቀየረውም። ከእኔ ምን ይደብቃል?

ምሳ የምንበላው ከጣቢያው በስተጀርባ ባለው የሠራተኞች ካምፕ ነው። የካምፑ ወጥ ቤት ኃላፊ እትዬ ጥሩወርቅ የአምባራስ ሰው ነበረች። ሦስታችን አንድ ገበታ እንቀርብና የደጋውን ብርድ፣ የገብሱን አዝመራ፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ እያነሳን እንጨዋወታለን። ነፋሱ ከባሕር ሲነሳ የተርባይኖቹን ጭስ ይዞ በካምፑ ላይ ነው የሚያልፈው። ይህንንም አውቅ ነበር።

ሐምሌ ነበር። እዚህ ደባርቅ ጉም በሚወርድበት ወር እዚያ አስፋልቱ ይቀልጣል። ከተማው በሙሉ ማቀዝቀዣ ከፍቶ ነው የሚውለው፤ ተርባይኖቹ እረፍት የላቸውም። ሦስተኛው ተርባይን ማጉረምረም ጀመረ። አንዱ ማቃጠያ አርጅቷል፤ ጋዙን ከአየሩ ጋር በደንብ አያደባልቀውም። ማድረግ ያለብኝ ግልጽ ነበር፤ ማሽኑን አቁሞ ማቃጠያውን መቀየር። ይህንኑ ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት።

"በዚህ ሙቀት ተርባይን አቁመህ ለከተማው ምን ልትል ነው?" አለኝ። አልጮኸብኝም። አላስፈራራኝም። "እንዲረጋ ማድረግ ትችላለህ አይደል?" አለኝ።

"እችላለሁ፤ ግን ጭሱ ከተፈቀደው በላይ ይሆናል" አልኩት።

ትከሻውን ነቀነቀና፣ "እሱን አንተ ታውቃለህ" ብሎ ወደ ስልኩ ዞረ።

ለብዙ ዓመታት በዚያ ትከሻ ውስጥ ተደብቄ ኖርኩ። አዘዘኝ እያልኩ። አላዘዘኝም። አንተ ታውቃለህ ነው ያለኝ፤ እኔም አውቅ ነበር።

መሐለኛውን ነበልባል ከፍ አደረግኩት። ማሽኑ ጸጥ አለ። በመለኪያው ላይ ያለው ቁጥር ወጣ፣ ወጣ፣ ገደቡን አለፈ። ፈንታሁን በሌላኛው ተርባይን ማማ ላይ ነበር። እኔ የመለኪያው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጥኩ። በፈንታሁን ስም ገባሁ። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው መርዝ ወረቀቷ ላይ ከተጻፈው ያነሰ ነው ብዬ አስገባሁ። መለኪያው የሰጡትን ያምናል፤ በዚያው ልክ የጭሱንም ቁጥር ዝቅ አድርጎ ማንበብ ጀመረ። ሻይ አፍልቶ ለመጠጣት የሚፈጀውን ጊዜ እንኳ አልፈጀብኝም።

ለምን በራሴ ስም አላስገባሁትም? ይህን ጥያቄ ለራሴ ስመልስ፣ የመለኪያው ሥራ የእሱ ስለሆነ፣ በእሱ ስም መግባት የተለመደ ስለሆነ እል ነበር። ውሸት ነው። የራሴ መግቢያ ነበረኝ። ጣቶቼ የእሱን ስም የጻፉት፣ አንድ ቀን ጠያቂ ቢመጣ እኔ እንዳልገኝ ነው። ያን ጊዜ እንዲህ ብዬ በቃል አላሰብኩትም። ግን እጅ ሳያስብ እንዲህ ያደርጋል? አያደርግም። አስቤዋለሁ።

ለጊዜው ነው፣ ሙቀቱ ሲበርድ አስተካክለዋለሁ አልኩ። ሐምሌ አለቀ፤ ነሐሴም አለቀ። በየሳምንቱ ፈንታሁን ከመፈተሹ በፊት ትክክለኛውን ቁጥር እመልሳለሁ፤ እሱ ሲሄድ እንደገና እቀይራለሁ። አንድ ጊዜ ቢሆን ድካም ነው ባልኩ ነበር። እኔ ግን ደጋግሜ አደረግኩት።

በዚያው ሰሞን እትዬ ጥሩወርቅ ማሳል ጀመረች። ሳህኑን አስቀምጣ በሩን ይዛ ትንፋሿን ስትሰበስብ እያየሁ እበላ ነበር። አንድ ቀን፣ "ኢንጂነር፣ አንተ የምታውቀው ነገር ነውና፣ ይኼ አየር ደኅና ነው?" አለችኝ።

"አቧራ ነው እትዬ። የበረሃ አቧራ ነው" አልኳት።

"እንግዲያስ አቧራ ከሆነ ይሁና" አለችና ወጡን ጨመረችልኝ።

መስከረም ውስጥ ፈንታሁን አጋጣሚ ሆኖ ከተራው ቀን ቀድሞ ፈተሸ። ምሳ ሰዓት ላይ መጥቶ አጠገቤ ቆመ፤ መዳፉን ዘርግቶ አሳየኝ።

"ጋሼ፣ ሲሊንደሩ ላይ ያለው ይኼ ነው። መለኪያው ውስጥ የገባው ሌላ ነው። በእኔ ስም ነው የገባው፤ እኔ ደግሞ አላስገባሁም።"

"ተሳስተህ ይሆናል።"

"ኧረ አልተሳሳትኩም። እጄን አታየውም?"

"በል ተወው፣ እኔ አጣራዋለሁ" አልኩት።

"አንተ ካልክ እሺ ጋሼ" ብሎ ቁጭ አለና ምሳውን በላ። ሌላ ሰው ቢሆን ለበላይ ያመለክት ነበር። እሱ ግን ለእኔ ነገረኝና ዕረፍት አገኘ።

ላስተካክለው ነበር እላችሁ ይሆናል። ምን ይጠቅማል? በሦስተኛው ቀን የአካባቢ ጥበቃ ተቆጣጣሪዎች ሳይታሰቡ መጡ። የራሳቸውን መለኪያ ይዘው ነበር። ሁለቱ ቁጥሮች አልተገናኙም። መዝገቡን ከፈቱት፤ በእያንዳንዱ ለውጥ ላይ የተጻፈው የፈንታሁን ስም ነው።

አንድ ክፍል ውስጥ አስገቡን። ፈንታሁን፣ "እኔ አላደረግኩም፤ የይለፍ ቃሌን ኃላፊዬም ያውቀዋል" አለ። እንዲህ ሲል እንኳ እየከሰሰኝ አልነበረም፤ መስክርልኝ ማለቱ ነበር። ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። አንደኛው ተቆጣጣሪ ጠየቀኝ፤ የይለፍ ቃሉን ታውቀዋለህ?

"አላውቀውም" አልኩ።

ፈንታሁን በአማርኛ አንዲት ቃል ብቻ ተናገረ። "ጋሼ?" አለ።

ጠረጴዛውን አየሁ። ለምን ጠረጴዛውን? ዓይኑን ባየው ኖሮ እውነቱን እናገር ነበር ብዬ ስለፈራሁ ነው። እውነትን እንደ አደጋ ፈርቼ ሸሸኋት።

በሳምንቱ ከአገር እንዲወጣ ተደረገ፤ በሙያውም ዳግም እዚያ አገር እንዳይሠራ ተጻፈበት። አውሮፕላን ማረፊያ አልሸኘሁትም። ሥራ በዝቶብኛል አልኩ። እውነትም በዝቶብኝ ነበር። ጣቢያው ደንግጦ ስለነበር ማሽኑን ለማቆም አሁን ማንም አልከለከለኝም። ማቃጠያው ተቀየረ፤ መርዙ ወረደ። እኔም ከዚያ በኋላ ትጉህ ሆንኩ። ነበልባሉን በየቀኑ እከታተላለሁ፤ ሌሎቹንም ተርባይኖች አስተካከልኩ፤ ጭሱ ጣቢያው ከተሠራ ጀምሮ እንደዚያ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም። የምስጋና ወረቀት ሰጡኝ። እንዲህ ያለው ሥራ ያንን ያጥባል? አንዳንድ ቀን ያጥባል ብዬ አምኜ አውቃለሁ። ፈንታሁን ግን ያን ጊዜ ዳባት ተቀምጦ "ማሽን አበላሽቶ ተባረረ" እየተባለ ነበር።

እትዬ ጥሩወርቅ በቀጣዩ ዓመት ደረቷ አላላውስ ብሏት አገሯ ገባች።

የሥራ ዘመኔ አልቆ ደባርቅ ስመለስ እንደ ትልቅ ሰው ተቀበሉኝ። ባለፈው ዓመት በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ ለመምህራን ስለ ንጹሕ ማቃጠል እንድናገር ጋበዙኝ። ተናገርኩ። ነበልባል እንዴት እንደሚበርድ፣ መርዙ እንዴት እንደሚቀንስ፣ በመለኪያ ላይ መታመን ለምን እንደሚያስፈልግ። መታመን ነው ያልኩት፤ በራሴ አፍ። ስጨርስ አጨበጨቡ። ሻይ ላይ አንድ መምህር ቀረብ ብሎ፣ "እኔ የዳባት ልጅ ነኝ። እዚያ ከእርስዎ ጋር የነበረ ፈንታሁን የሚባል አለ አይደል፣ ያ መለኪያ ያጭበረበረው?" አለኝ።

እንግዲህ አሥር ዓመት ያልመጣ ዕድል መጣልኝ። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ።

"አዎ፣ አውቀዋለሁ" አልኩ። ሌላ አልጨመርኩም። ኩባያዬን አንስቼ ጠጣሁ።

የመጀመሪያውን ስዋሽ ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ነው እል ነበር። ሁለተኛውን ስዋሽ ምን ፈርቼ ነው? ምንም። ጭብጨባው እንዳይቋረጥብኝ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ወደ ነፍስ አባቴ ሄድኩ። "አባቴ፣ በሥራ ቦታ ዋሽቼ አውቃለሁ" አልኳቸው።

"የተጎዳ ሰው አለ ልጄ?" አሉኝ።

"ያን ያህል አይደለም።"

ጾምና ስግደት ሰጡኝ። ጾምኩ፤ ሰገድኩም። ጉልበቴ ታመመ፤ ሌላው ግን እንደነበረ ነው። ለካ ለንስሐ አባቴም መለኪያውን ዝቅ አድርጌ ነበር የሰጠኋቸው። ይህ ሲገባኝ ነው ሚኒባስ ይዤ ዳባት የወረድኩት።

ፈንታሁንን ያገኘሁት ወፍጮ ቤት ነው። የናፍጣ ሞተር እየጠገነ ይተዳደራል። የጭስ ማውጫውን ቱቦ ከጣሪያው በላይ ሊያስረዝም መሰላል ላይ ወጥቶ ነበር። ወረፋ የያዙት ሴቶች አንዷ፣ "ሲያስለን አይቶ ነው፣ እግዜር ይስጠው" አለችኝ። ከመሰላሉ ሲወርድ አየኝ። ፀጉሩ ሸብቷል።

"እንዴት ዋሉ ኢንጂነር" አለኝ።

ጋሼ አላለኝም። አንተም አላለኝም። እንዲህ ያለውን አክብሮት ያህል የሚመታ ስድብ ሰምቼ አላውቅም።

ሞተሩን አጠፋው፤ ሴቶቹን ጥቂት እንዲታገሡት ለምኖ ከቤቱ ጀርባ ወሰደኝ። ቆመን ነገርኩት። በስምህ የገባሁት እኔ ነኝ፤ ስትጠይቀኝ አውቄ ነው ተወው ያልኩህ፤ ክፍሉ ውስጥም አውቄ ነው አላውቅም ያልኩት። ሙሉውን፣ ሳላቋርጥ።

ሰምቶ ሲጨርስ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

"አውቃለሁ" አለኝ። "ያን ቀን ጠረጴዛውን ሲያዩ አውቄያለሁ። ይልቅ አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ እውነተኛው ቁጥር ስንት ነበር?"

ነገርኩት።

"ያን ያህል?" አለ። "ያ ሁሉ ሰው ካምፑ ውስጥ እያለ?"

በራሱ ላይ ስለደረሰው ይጠይቀኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። እሱ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ሰዎቹ ነው።

"ይቅር…" ብዬ ስጀምር እጁን አነሳ።

"አይጠይቁኝ። ገና ነኝ። አባቴ ልጄ አጭበርባሪ ሆነብኝ እንዳሉ ነው የሞቱት። ለእናቴ ይንገሯት። ለዚያ መሥሪያ ቤት ይጻፉ። እትዬ ጥሩወርቅን ፈልገው ያግኙ። ከዚያ ደግሞ ለሰው ሁሉ ይንገሩ። ይቅርታው እሱን ሳይ የሚመጣ ከሆነ ይመጣል።"

ያኑ ዕለት ወደ እናቱ ቤት ወሰደኝ። መንኩሰዋል፤ እማሆይ ላቀች ይባላሉ። በር ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙ ነበር። ስነግራቸው መጽሐፉን ከደኑና ልጃቸውን አዩት። "እንዲያው እስከዛሬ ስትነግረን እኮ አላመንንህም ነበር ልጄ" አሉት። ከዚያ አለቀሱ። እኔን አልረገሙኝም፤ ዞረውም አላዩኝም። ተነሥቼ እስክሄድ ድረስ የሚያዩት እሱን ብቻ ነበር።

ለጣቢያው ጻፍኩ። ነገሩ የቆየ ስለሆነ መዝገቡ ተዘግቷል የሚል አጭር መልስ መጣ። እንደገና ጻፍኩ፤ ለሁለተኛው መልስ አላገኘሁም። አሁንም እጽፋለሁ።

አምባራስ እስክደርስ ከፊሉን በመኪና፣ ከፊሉን በእግሬ ሄድኩ። እትዬ ጥሩወርቅ በሕይወት አለች። ከቤቷ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለችውን ዳገት ሦስት ጊዜ ሳታርፍ አትወጣትም። ስታየኝ ደስ ብሏት ሳመችኝ። ነገርኳት።

"ታዲያ አቧራ ነው ያልከኝስ?" አለችኝ።

"ዋሽቼሽ ነው።"

"በዚያ ሰሞን ከባሕሩ ራቅ ያለ ሌላ ካምፕ ለወጥ ቤት ፈልገውኝ ነበር እኮ። አቧራ ከሆነስ የትም አለ ብዬ ቀረሁ።" ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች። "በል ግባ፣ ብርድ ነው፤ አፍህ ላይ ትንሽ ነገር አድርግ።"

አቀረበችልኝ፤ በላሁ። መብላት አልነበረብኝም፤ እንቢ ማለት ደግሞ ሌላ ስድብ መሰለኝ።

የእሷን ደረት የጎዳው የእኔ ጭስ መሆኑን ሐኪም ሊያረጋግጥ አይችልም። የወጥ ቤቱ እሳትም አለ፤ የበረሃው አቧራም እውነት ነው። ይህን ክርክር ለራሴ በደንብ አውቀዋለሁ፤ ዓመታት ጠልዬበታለሁ። ከእንግዲህ ግን አልጠለልበትም። እንድትሄድ ወይም እንድትቀር መምረጥ የምትችልበትን እውነት የነፈግኳት እኔ ነኝ። ለዚህ ሐኪም አያስፈልግም።

ወደ ነፍስ አባቴም ተመልሼ የቀረውን ተናግሬያለሁ። ለሚስቴ ይህን ጽሑፍ ከእናንተ በፊት ሰጠኋት፤ አንብባ ለሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ በሦስተኛው፣ "ስምህን እንዳትሰርዘው፣ እንዳለ ይውጣ" አለችኝ።

ፈንታሁን እስካሁን አልደወለልኝም። ሊደውል ግዴታ የለበትም። እናንተም ይቅር እንድትሉኝ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም፤ በእናንተ ምሕረት ከእሱ መሸሽ አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ዳባት ገበያ ላይ፣ ደባርቅ መናኸሪያ፣ የትም ይሁን፣ ፈንታሁን ማሽን አበላሽቶ መጣ ሲባል ከሰማችሁ ዝም አትበሉ። አድማሱ ነው ያደረገው በሉ።